በስንት ኪሎ ይገጠም?

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃ ሰፊዋ ሻይ ጣደች፣ ዳቦ ቆረጠች፣ የእናቷን የጀርባ መድኃኒት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረች። ሰኞ ሱቋን አትከፍትም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መስኮት ስትለካ ስለምትውል በዚህ ቀን የራሷን መስኮት ከፍታ መንገዱን ማየት ትወዳለች፤ ያን ጠዋትም ከፎቁ ሥር ካለው ዳቦ ቤት የሚወጣውን ሰው እያየች ማን ሁለት፣ ማን አራት እንደገዛ ከአያያዙ ለመገመት ትሞክር ነበር። እናቷ ልብሷን ለባብሳ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች፣ መድኃኒቷን ዋጠች፣ ቁርስ ስትባል ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እንደበላች ተናገረችና ሶፋው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሬዲዮው ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። ከላይኛው ፎቅ ጫማውን ያጣ ልጅ ይነጫነጫል። ሁሉም ነገር እንደ ሌላው ሰኞ ነው፤ አዲስ ነገር ቢኖር ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈችው የሆስፒታል ቀጠሮ ወረቀት ናት። ለዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ትላለች።

ወረቀቷ አምስተኛ ናት። እናትየዋ ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ከተሰነጠቀ ወዲህ በየሁለት ወሩ ሐኪም ሊያያት ይገባ ነበር። አንዴ ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑ በደረሰ ቁጥር መኪናው ትላለች። የልጇ መኪና ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጀርባዋን በመርፌ እንደሚወጋት፣ ታክሲውም ከዚያ እንደማይሻል፣ በአምቡላንስ ተጭና ጎረቤት እንዲያያት ደግሞ እንደማትፈልግ ትናገራለች። ሦስት ቀጠሮ በዚህ አለፈ። ባለፈው ሳምንት ከካርድ ክፍል ተደውሎ ለአራተኛ ጊዜ ከቀረች ፋይሏ እንደሚዘጋ፣ እንደገና ወረፋ ለመያዝ አምስት ወር እንደሚፈጅ ተነገረ። ስልኩን ያነሳው ወንድ ልጇ ነበር። በማግስቱ መጥቶ እናቱ ፊት ቆመና መኪናው መዝለሉን ከተወ ትሄድ እንደሆነ ጠየቃት። እናትየዋ ጥቂት ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ካልዘለለማ ምን ሰበብ አለኝ» አለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ወጥ ቤት ሆና ሰማችው። ሰበብ የሚለው ቃል ገረማት። የታመመ ሰው ሕመሙን ሰበብ ብሎ ይጠራል እንዴ ብላ ማሰብ እንደጀመረች ድስቱ ገነፈለና ሐሳቡ በዚያው ጠፋ።

ወንድሟ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከታች ጥሩምባ ነፋ። የአውቶቡስ ስምሪት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሌሎች የሚነዱትን እየላከ ስለሚውል ይሆን ምን እንጃ ስለ መኪና የተጻፈ ነገር ሲያገኝ ዓይኑን አይነቅልም። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ረጃጅም ካርቶኖች ተጋድመዋል። የመኪናው አራቱም አሞርዛተሮች፣ ከየጎማው ጀርባ ቆመው የመንገዱን ጉድጓድ የሚውጡት ማለት ነው፣ ከነሞላቸው ዛሬ ይቀየራሉ። ለካርቶኖቹ የሁለት ወር ደሞዙን እንደከፈለ እህቱ ያወቀችው ከሚስቱ ነው። ወረደችና ጋቢና ገባች። እናቷ ከላይ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችላቸው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ፊቷ አይለይም። ጉዞው ሃያ ደቂቃ ነበር፣ የተናገሩትም ቢሰበሰብ የአንድ ደቂቃ አይሞላም። ከእናታቸው ውድቀት ወዲህ ሁለቱ ስለ እናታቸው እንጂ ስለሌላ ነገር አያወሩም። እሷ አጥባ፣ አብስላ፣ ደረጃ አስወጥታ የምታድረው እሷ ብቻ እንደሆነች ታስባለች፤ እሱ ኪሱን የሚያራግፈው እሱ ብቻ እንደሆነ ያስባል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አንዳቸውም አፍ አውጥተው አይናገሩትም። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እሱ በየ«ጓ»ው እህቱን ሰረቅ አድርጎ ያያታል፣ ሰማሽ ለማለት።

ጋራዡ በመስታወት ቤትና በጎማ ጥገና መሀል የተሸጎጠ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መካኒኩን ሰው ሁሉ ጆሮ ይለዋል። መኪናው ገና ከዋናው መንገድ ሳይታጠፍ ሕመሙን በድምፁ ስለሚያውቅ ነው ይላሉ ደንበኞቹ፤ እሱ ደግሞ ዓይኔ ስለከዳኝ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም ይላል። መነጽር ታዞለታል፣ አሠርቶም የደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፣ ዓይኑ ላይ ግን አያደርገውም። ያስረጀኛል ባይ ነው። ወለሉ ላይ አራት ንጣፎች በውሃ ልክ ተስተካክለው ተለጥፈዋል፣ አራቱ ጎማዎች የሚቆሙባቸው። ግድግዳው ላይ ቁልፎቹ እንደ ቁመታቸው ተሰልፈዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የሸራ ከረጢቶች ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም አምስት ወይም አንድ ተጽፎበታል። መጋረጃ ሰፊዋ ምን እንደሆኑ ከመጠየቋ በፊት ስፌታቸውን አየች። ማን እንደሰፋቸው ጠየቀች። እሱ ራሱ እንደሰፋቸው በኩራት ሲነግራት ያስታውቃል አለችው፣ እሱም ከልቡ ሳቀ።

ሳቁ ካርቶኑ ሲከፈት ሌላ ሳቅ ሆነ። ከውስጥ የወጣው ወርቃማ ቱቦ ከላይ እስከ ታች እንደ ቡሎን ጥርስ የወጣለት ነው፤ ዙሪያውን ሐምራዊ ሞላ ተጠምጥሞበታል፣ ሞላውን ከታች የሚሸከም ጥርስ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የምትዞር ትንሽ እጀታ። ያማረ ነገር ነው፣ የጌጥ ዕቃ ይመስላል። ጆሮ መሬት ላይ አቁሞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ሞላው ንቅንቅ አላለም።

«ወንድሜ» አለ፣ «እናትህን ሐኪም ቤት ነው የምትወስዳት ወይስ እሽቅድድም?»

የወንድምየው ፊት ቲማቲም መሰለ። ሻጩ ሁሉም ነገሩ ይስተካከላል ብሎት ነበር። ከፍታው ይስተካከላል፣ ጥንካሬው ይስተካከላል፣ የሚያስፈልግህን ታደርገዋለህ ተብሎ፣ የሚስተካከል ነገር ከማይስተካከለው ይለሰልሳል፣ ውዱ ደግሞ ከርካሹ ይመቻል ብሎ አሰበ። ማንም አልዋሸውም። ሻጩ ስለ እናቱ አልጠየቀም፣ እሱም ስለ እናቱ አልነገረውም። ይህን ሲያስረዳ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። እህቱ ሁለት ወር ሙሉ የሠራኸውን ብላ ልትጀምር አፏን ከፍታ ነበር፣ ግን የወንድሟን እጅ አየች፤ የካርቶኑን ክዳን አጥፎ አጥፎ የወረቀት ኳስ አስመስሎታል። ዋጠችው። ጆሮ እንደ ሐኪም ዕቃውን አገላብጦ ሲያበቃ አሞርዛተሮቹ ደህና እንደሆኑ፣ ችግሩ ሞላው ብቻ እንደሆነ ተናገረ። መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲበረብር ቆየና አንድ ደንበኛ ለሰለሰብኝ ብሎ አስወልቆ የተዋቸውን አራት ጥቁር ሞላዎች አወጣ። ዙሪያቸው ከወርቃማው ቱቦ ጋር ልክክ አለ። ወንድምየው ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚታዘዘውን ሁሉ ሳይጠየቅ ይሠራ ነበር፣ ክሪክ ይገፋል፣ ቸርኬ ይፈታል፣ የተፈታውን በሰልፍ ያስቀምጣል።

መጋረጃ ሰፊዋ ለመመልከት ብቻ ነበር የመጣችው። ግን በሥራ የሚጠመድ ሰው አጠገብ ቆሞ ዝም ማለት አልሆንላት አለ። የኋላ ቀኝ ጎማ ሲወልቅ አንገቷን አስግጋ ከውስጥ ያለውን አየች፣ አቧራ የለበሰ ምሰሶ፣ ወገቡ ላይ ዘይት ያለቀሰ። ጆሮ ሁለት ቡሎን ከታች፣ ሁለት ዳዶ ከላይ ፈትቶ አወጣውና ሰጣት። ዘንጉን ገፋችው። ገባ፣ ገብቶም ቀረ። አዲሱን ስትገፋው ግን እጇን እየገፋ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ አይቸኩልም አይዘገይም። ለምን ሁለት ነገር እንዳስፈለገ፣ ሞላው ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ጠየቀች።

«ሞላው ተሸካሚ ነው» አላት፣ «ይሄኛው ገላጋይ ነው። ሞላውን ብቻውን ከተውሽው መኪናሽ እንደ ልጆች አልጋ ሲዘል ይውላል።»

ቀጥሎ ትንሿን እጀታ አስነካት። ስትዞር ቀጭ ትላለች። ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ሁለት ቀጭ አላት፣ መጋረጃ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ቆጠረቻቸው፣ አንዱ ላይ ተሳስታ እንደገና ከመጀመሪያ ቆጠረች። ወደዚህ ስትዞር የውስጡ ዘይት መተላለፊያ ይጠባል፣ አሞርዛተሩ ይደርቃል፤ ወደዚያ ስትዞር ይሰፋል፣ ይለሰልሳል። ለእናትየዋ ከለስላሳው ጫፍ ስድስተኛው ቀጭ ላይ ይሁን ተባባሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የገረማት ግን ሌላ ነው። አራቱም ተገጥመው፣ ጎማዎቹ ተመልሰው፣ መኪናው ንጣፎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ወንድሟ እጁን ጠርጎ ጨርሰናል አይደል ሲል ጆሮ ገና አልጀመርንም አለው። ባዶ መኪና አያስተካክልም። ከሌሎች ጋራዦች የሚለየውም ይኸው ነው፤ እዚህ የመጣ ደንበኛ መኪናው ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነም ይጠየቃል። ብዙዎች ይቀልዱበታል፣ ሴት ደንበኞች ይቆጣሉ። የጥጉ ከረጢቶች ለዚህ ነበሩ፤ አሸዋ ናቸው፣ በእጅ ሚዛን ተመዝነው የተሰፉ። የሌለውን ሰው ተክተው ይቀመጣሉ።

ወንድምየው ሰማንያ አራት አለና ራሱ መሪው ጀርባ ገባ። መጋረጃ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስልሳ ስድስት አለች፤ ሥራውን ለማየት ውጭ መቆም ስለፈለገች በእሷ ቦታ ጋቢናው ላይ ስልሳ ስድስት ኪሎ አሸዋ ተከመረ። ወንድሟ አጠገቡ የተቀመጠውን የከረጢት ክምር አይቶ ዛሬስ አፍሽ አረፈ አላት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። የኋላ ቀኝ ወንበር የእናትየዋ ነው። ለእናቷ ደወለች፤ መካኒኩ ክብደቷን እንደሚፈልግ ነገረቻት። ከወዲያ በኩል ሬዲዮው ይሰማል። እናቷ ለምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ሲነገራት እንደገና ጠየቀች፣ ከዚያ የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ስልሳ ሁለት» አለች በመጨረሻ። «ካርዱ ላይ አለ።»

አሥራ ሁለት ባለ አምስት፣ ሁለት ባለ አንድ ከረጢት የኋላው ቀኝ ወንበር ላይ ተደረደረ። ጆሮ ሜትሩን ሊያነሳ ሲል መጋረጃ ሰፊዋ የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ለካች፤ መካኒኩ አላያትም፣ የምትናገረውን ነው የሚሰማው፣ እሷም ለመስኮት እንደምታደርገው ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታ እስከ ሚሊሜትሩ ተናገረች። እሱ በመንጠቆ መሰል ቁልፍ ቀለበቱን ያዞራል፣ መኪናውን በወገቡ ገፋ ገፋ ያደርጋል፣ ይረጋል፣ እሷ እንደገና ትለካለች። ሲገቡ ጠዋት ነበር፣ ሲጨርሱ ስድስት ሰዓት አለፈ። የኋላው ግራ ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር፣ የኋላው ቀኝም ሠላሳ አምስት። ልክ ነው ስትለው እንዳንቺ ዓይነት ረዳት ባገኝ መነጽሬን እሸጠው ነበር አላት። ደስ አላት። እንዲህ ከተደሰተች ስንት ጊዜ ሆኗታል፣ ደስታውም ከየት እንደመጣ አልገባትም፤ ምናልባት ነገር ሁሉ የሚስተካከልበት ቀለበት አለው ብሎ ማመን ስለሚያምር ነው።

ጆሮ አሸዋን ሙሉ በሙሉ አያምንም። ሰው ይደገፋል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ይቀመጥበታል። ሆስፒታሉ ከጋራዡ ስለማይርቅ ወንድምየው በታክሲ ሄዶ እናቱን አመጣ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። እናትየዋ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፣ ቀኑ ግን የካፖርት አልነበረም። ታክሲው ጀርባዋን ጎድቷት እንደሆነ ሲጠይቋት ካፖርቷን ሰብሰብ አደረገች። ጆሮ እማማ ብሎ ክንዷን ይዞ አስገባት፣ ወንድምየው መሪውን ያዘ፣ የጋቢናው አሸዋ እንዳለ ነው። መካኒኩ መኪናውን ገፋ ገፋ አደረገ፣ አረጋው። መጋረጃ ሰፊዋ ተንበርክካ ለካች።

የግራው ሠላሳ አምስት ነው። የቀኙ ሠላሳ አምስት ከስድስት ሚሊሜትር።

ጆሮ አላመናትም። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ለካች፣ ያው ነው። እናትየዋ የተቀመጠችበት ጎን እንደሚገባው አልወረደም። መጀመሪያ ሞላው ነው አለ፤ አዲስ ስለገባ ሳይቀመጥ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ ቀለበቱን ጠረጠረ፤ ተሽከርክሮ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰው፣ ጥብቅ ነው። ይሄ ነገር ያጓጓል አለ፣ እውነትም ጓጉቶ ነበር፤ ፊቱ እንደ ተማሪ ፊት በርቷል። እማማን ለአፍታ ውጭ እንድትቀመጥ ለምኗት ካርቶን የተነጠፈበት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጣት፣ ከበሩ ፊት ለፊት። ወይ ሞላው ይዋሻል ወይ አሸዋው ይዋሻል፣ አሁን እናገኘዋለን ብሎ ስልሳ ሁለቱን ኪሎ እንደገና ወንበሩ ላይ ደረደረ። መጋረጃ ሰፊዋ ለካች። ሠላሳ አምስት። ድፍን፣ እንደ ጠዋቱ። ሞላው አልዋሸም።

እንግዲህ የቀረው ቀላል ነገር ነበር። እናቷ ስትቀመጥ የነበረው ልክ እስኪመጣ አሸዋውን መቀነስ። ጆሮ አንድ ባለ አምስት አነሳ፣ መኪናውን ገፋ ገፋ አደረገ፣ እሷ ለካች፣ አልደረሰም። ሁለተኛውን አነሳ። ገና ነው። ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁ ቀዝቅዞ ነበር፣ ጉጉቱ ከፊቱ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። ወንድምየው ከመሪው ጀርባ ሆኖ በመስታወቱ ያያል፤ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ፣ ሊወርድም በሩን ከፈተ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችው እህቱ። «ከተነሳህ ልኩ ይበላሻል።»

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አራተኛው ወረደ። ስድስት ሚሊሜትሩ ሊሞላ አንዲት ጭረት ቀረው። ጆሮ አንዱን ባለ አንድ አነሳ። ሜትሩ ሠላሳ አምስት ከስድስት ላይ ቆመ። መሬት የተቀመጡትን ከረጢቶች አየች፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ የቀሩትን ቆጠረች፣ ለመስኮት እንደምታደርገው ሁለት ጊዜ። ስምንት ባለ አምስት፣ አንድ ባለ አንድ። ተንበርክካ ቀረች። በየቀኑ ትራስ ያስተካከለችላትን፣ ሻይ ያቀረበችላትን፣ በሯን አንኳኩታ ደህና አደርሽ ያለቻትን ሴት አስታወሰች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ገላዋን ስታጥባት መቼ እንደነበር ግን ማስታወስ አቃታት። እናቷ ክረምቱ ሳይገባ ራሴን እችላለሁ ብላ በሩን መቆለፍ ጀምራ ነበር። ያኔ ተሽሏታል ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

ቀና ስትል እናቷ ከአሮጌው ጎማ ላይ ሆና እያየቻት ነው። እናቷ ዓይኗን አላሸሸችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ቦርሳው ላይ ደርባ፣ ተራዋን እንደምትጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቧ ጎንበስ አለ፣ ድምፁን ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ።

«በስንት ኪሎ ልግጠመው፣ እህቴ? በስልሳ ሁለቱ ልተወው?»

ቢተወው ምንም አይሆንም ነበር። መኪናው ወደ አንድ ወገን ስድስት ሚሊሜትር ያዘነብላል፣ ማንም አያየውም፣ እናቷም ምናልባት ያን ኪሎ መልሳ ታገኘው ይሆናል። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ሁሉ አሰበች። ልክ ሆኖ ያልተሰቀለ መጋረጃ ለባለቤቱ ባይታይም ለሰቀለው ሰው ሁልጊዜ እንደሚታይም አሰበች።

«ባለው ግጠመው» አለች። «በአርባ አንዱ።»

ጆሮ ቀለበቱን ወደ ታች አዞረው። ለኩት፣ ሠላሳ አምስት ሆነ። የማጥበቂያውን ቀለበት አጠበቀ፣ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። ሒሳብ ሲባል የተነጋገሩትን ብቻ ተቀበለ፣ ለሞላዎቹ አልጠየቀም፤ እናትየዋን ደግፎ ሲያስገባት ጥሩ ጉዞ እማማ ብሎ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ በከተማው ካሉት ሁሉ የከፋ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ጉብታ፣ በጉብታዎቹ መሀል ደግሞ ጉድጓድ። መኪናው ወረደ፣ ወጣ፣ ዝም አለ። የኋላው «ጓ» የለም። ወንድምየው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ደስታውን ለመደበቅ ሞከረ፣ ከዚያ አልቻለም፤ ስለ ሠላሳ ሁለቱ ቀጭ፣ ስለ ስድስተኛው ቀጭ፣ ነገ ወደ ሥራ ቦታው ስንት ሾፌር አስተካክሉልን እያለ እንደሚመጣ አወራ። አሸዋው ለምን እንደተቀነሰ አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ማውራቱን የመረጠው ለዚህ ነው። እህቱ ከጎኑ ሆና ወደኋላ አልዞረችም። እናቷ እንዴት ነው ስትባል አይወዘውዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣

«ጀርባዬስ ከዳነ ቆይቷል» አለች።

ወንድምየው ማርሽ ቀየረ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ ነዳ። ሁለቱን ሴቶች በሩ ላይ አውርዶ ማቆሚያ ሊፈልግ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል።

ኮሪደሩ አረንጓዴ ነው፣ ግማሽ ድረስ በዘይት ቀለም የተቀባ። ሰዎች አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰውዬ ስለ አሳንሰሩ መበላሸት ላገኘው ሁሉ ያማርራል። ከሐኪሙ በር አጠገብ ሚዛኑ ቆሟል፣ ነርሷ ካርድ የያዘውን ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ታወጣለች። እናትየዋ ሚዛኑን ከሩቅ አየችው። እርምጃዋ አልተቀየረም፣ የልጇን ክንድ የያዘችበት እጅ ግን ጠበቅ አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ይሄኔ ነው ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ የገባት፤ ሦስቱ ቀጠሮ፣ መኪናው፣ ሰበቡ። እናቷ ከቤት እስከዚህ ያለውን መንገድ አልፈራችም። የፈራችው ይህን ሁለት ስንዝር የማይሆን ብረት ነው። ለምን አልነገርሽኝም ልትላት ፈለገች፣ ግን ጥያቄው ለማን መቅረብ እንዳለበት እርግጠኛ አልነበረችም፣ አብራት ከምትኖረው ከእሷ ይልቅ ያወቀው የመኪና ሞላ ነውና።

«ከረጢቱን ስትቀንሱ አየሁ» አለች እናቷ ወረፋው ላይ እንደቆሙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አርባ አንድ ነው ያወጣችሁኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እሱ ከነልብሴ፣ ከነቦርሳዬ ነው።»

ነርሷ ስሟን ጠርታ እማማ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ አለች፣ ቀና ብላ ሳታይ። እናትየዋ ቦርሳዋን ለልጇ ሰጠች። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትታ እሱንም ሰጠች። ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ነበር፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ፣ ከዚያም ሥር የወንድምየው የድሮ ጃኬት እጅጌው ታጥፎ። ሁሉንም አጣጥፋ ሰጠች፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ንጹሕ ልብስ። ጫማዋን አወለቀች። ነርሷ አሁን ቀና ብላለች፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም ወሬያቸውን ገትተዋል። እናትየዋ የልጇን እጅ ለቃ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ ረጋ።

ነርሷ ቁጥሩን አነበበችና ጻፈች፣ ካርዱን ገልጣ የቀደመውን አየች፣ እንደገና መርፌውን አየች። መጋረጃ ሰፊዋ ልብሱን ታቅፋ ከነርሷ ትከሻ በላይ አነበበች። አምና ስልሳ ሁለት ይላል። ዛሬ ሠላሳ ስምንት። ሃያ አራት ኪሎ የለም።